ስምንተኛው ሺህ ከገባ 500 ዓመት አልፎታል

ታኅሣሥ 2017 ላይ እኛ አዳማዎች ልብሳችንን እንደለበስን ነበር የምንተኛው። ጫማ በር ሥር፣ ስልክ ትራስ ሥር። ከአዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ እረፍት አጥቶ ነበር። አንዳንዱን መንቀጥቀጥ የሚሰማው ጋደም ያለ ሰው ብቻ ነው። አንዳንዱ ግን ብርጭቆ ያንኳኳል፣ ቁም ሣጥን ያንገጫግጫል። ታኅሣሥ 26 ቅዳሜ ሊነጋ ሲል የመጣው ጠንክሮ ተሰማን። ሰፈሩ ብርድ ልብስና ጋቢ እየተከናነበ ወደ መንገድ ወጣ። ሕፃን የታቀፈ አለ። ዳዊቱን የያዘ አለ። ባጃጁን አስነስቶ የት እንደሚሄድ የጠፋው አለ።

እናቴ አጥሩን ተደግፋ፣ "ስምንተኛው ሺህ ማለት ይኸው ነው ልጄ" አለችኝ። የአሥራ አንድ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ደግሞ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ "አጎቴ፣ ቀጣዩ መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ለልጅቷ መልስ አልነበረኝም። ባለሙያዎቹም አልነበራቸውም። በቴሌቪዥን የቀረቡ የሥነ ምድር ምሁራን ከመሬት በታች ቅልጥ አለት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን አስረዱን። መንቀጥቀጡ ሊቀጥል እንደሚችልም ነገሩን። ቀኑንና ሰዓቱን ግን መናገር አይቻልም አሉ። እውነታቸውን ነው። እስከ ዛሬ የትልቅ መሬት መንቀጥቀጥን ቀን፣ ቦታና መጠን አስቀድሞ በትክክል የተናገረ ሳይንቲስት በዓለም ላይ የለም።

ስልካችን ላይ ግን መልስ ሞልቶ ነበር። አንዱ ቀን ሰጠ። ሌላው ሰዓት ጨመረበት። ሌላው ደግሞ "ናዝሬት" የሚለውን የከተማችንን የድሮ ስም አንሥቶ ከምጽአት ጋር አያያዘው። ስሙን ያወጡላት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ከዚያ በፊትም አዳማ ነበረች፣ አሁንም አዳማ ናት። ቪዲዮው ግን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር አደረ።

ያን ሰሞን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጎረቤቶቼ ቀን የሚቆርጥ ሰው ሲሰሙ ትንሽ ይረጋጋሉ። የሚያስፈራ ቀን ነው፤ ግን ቀን ነው። እስከዚያ መተኛት ይቻላል። ሱባኤ መግባት ይቻላል። የተጣሉትን መታረቅ ይቻላል። ባለሙያው የሚለው "ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል" ነው። ይህን ይዞ መተኛት ይከብዳል። ቀን የተቆረጠለት ፍርሃት ቀን ከሌለው ፍርሃት ይቀላል። የዓለም መጨረሻ ትንቢት ስንቴ ከሽፎ የማይሞተው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ወደ እናቴ ቃል ልመለስ። "ስምንተኛው ሺህ" ሲባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ልጅ አባቱን ሲመልስለት ስምንተኛው ሺህ ነው። ጤፍ ሲወደድ ስምንተኛው ሺህ ነው። በበጋ ዝናብ ሲወርድም እንደዚያው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት እግዚአብሔር ለአዳም በአምስት ቀን ተኩል ውስጥ ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው ቃል ገብቶለታል። በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው። ስለዚህ አምስት ቀን ተኩሉ 5500 ዓመት ሆነ። በዚህ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። 5500 እና 2018 ሲደመሩ 7518 ይመጣል። ቁጥሩ በየዓመቱ መስከረም 1 በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ለ4 ሲካፈል የሚተርፈው ደግሞ የዓመቱን ወንጌላዊ ይሰጠናል። ከ7518 ሁለት ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብ ውብ ሒሳብ ነው። በዓላትና አጽዋማትን ቦታ ቦታቸውን ለማስያዝ ዘመናትን የተሻገረ ጥበብ ነው።

አሁን እናንተም አስሉት። 7000 የሞላው መቼ ነው? በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺህ የገባው መስከረም 1 ቀን 1501 ነው። እኛ ሁላችን የተወለድነው በስምንተኛው ሺህ ውስጥ ነው። አያቶቻችንም፣ የአያቶቻችን አያቶችም።

የዚያ ዘመን ሰዎች ግን በጣም ፈርተውት ነበር። ዐፄ ናዖድ "ስምንተኛውን ሺህ አታሳየኝ" ብሎ ፈጣሪውን ይለምን እንደነበር በትውፊት ይነገራል። ያረፈው ነሐሴ 7 ቀን 1500 ነው። አዲሱ ሺህ ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው። ልጁ ልብነ ድንግል ነገሠ። በ1521 ዓ.ም. ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሽምብራ ኩሬ ላይ ተዋጉ። ቦታው ከእኛ ብዙም በማይርቀው በሞጆ አካባቢ እንደነበር ይነገራል። ከዚያ በኋላ የመጣው የጦርነት፣ የስደትና የረኃብ ዘመን ነበር። የዚያ ትውልድ ሰው ትንቢቱ ተፈጸመ ብሎ ቢያምን አልፈርድበትም። ዙሪያውን ሲያይ ማስረጃው ሞልቶለታል። ግን ያም አለፈ። የተረፈው ሰው አረሰ፣ ዳረ፣ ወለደ። እኛ የእነሱ ልጆች ነን።

ይህ ስሌት የእኛ ብቻም አይደለም። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ዩልዮስ አፍሪካኑስ የሚባል ክርስቲያን ጸሐፊም የክርስቶስን መምጣት በ5500 ነው ያስቀመጠው። ዓለም 6000 ዓመት ሲሞላት ታበቃለች የሚለው እምነት በዚህ ላይ ሲጨመር መጨረሻው ከክርስቶስ በኋላ በ500 ዓመት ገደማ ይውላል። ያ ቀን አለፈ። ተስፋውም ፍርሃቱም ወደ 7000 ተሻገረ። ሩስያውያን በእነሱ አቆጣጠር 7000 የሚሞላው እ.ኤ.አ. በ1492 ስለነበር የፋሲካ ሰንጠረዣቸው እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ፋሲካ ያስፈልጋል ብሎ ማን ያስባል? ዓመቱ ሲያልፍ ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ተቀምጦ ለስምንተኛው ሺህ አዲስ የፋሲካ ሰንጠረዥ አሰላ። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። የዓለም መጨረሻ ሲቀር፣ በዓሉ መቼ እንደሚውል መቁጠር የሚጀምር ሰው ያስፈልጋል።

ወደ አሜሪካ ስንሄድ ታሪኩ ያው ነው፤ ሒሳቡ ይለያል። ዊልያም ሚለር በኒውዮርክ ግዛት ይኖር የነበረ ገበሬ ነው። መጽሐፈ ዳንኤል ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን 2300 ቀን ይዞ እያንዳንዱን ቀን አንድ ዓመት አደረገው። መነሻውን ከክርስቶስ ልደት በፊት 457 ላይ አደረገ። ቆጥሮ ቆጥሮ 1843 ላይ ደረሰ። ቅን ሰው ነበር። ለዓመታት ደጋግሞ ያጠናውን ነው የተናገረው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አመኑት። ሲያልፍባቸው ስህተቱን ፈለጉ፤ አገኙም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1 ከሚባለው ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው በቀጥታ ዓመት 1 ነው። ዜሮ የሚባል ዓመት የለም። ስለዚህ አንድ ዓመት ተጨመረ። በመጨረሻ ከተከታዮቹ መካከል ኦክቶበር 22 ቀን 1844 የሚል ቀን ወጣ። ድንቹን ሳይነቅል የተወ ገበሬ ነበር። ሱቁን የዘጋ ነበር። ያን ሌሊት ሲጠብቁ አድረው ሲነጋ ብዙዎቹ አለቀሱ። በታሪክ "ታላቁ ሐዘን" እየተባለ ይነሣል።

የሚለርን ነገር ሳስብ ልቤን የሚነካው ለቅሶው ነው። እነዚህ ሰዎች የዓለምን መጥፋት የተመኙ ጨካኞች አልነበሩም። የሞቱባቸውን ልጆች ነገ ያገኙ መስሏቸው ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? ብዙዎቹ ትተው ሄዱ። የቀሩት ግን ቀኑ ልክ ነው፣ የተፈጸመው ነገር ግን በምድር ሳይሆን በሰማይ ነው አሉ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ምእመናን ያሏት የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1863 የተመሠረተችው ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው። ቀን መቁረጥ ግን ትታለች። ከወደቀ ትንቢት የተማረ ሃይማኖት መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ያልተማሩም አሉ። አሜሪካዊው የሬዲዮ ሰባኪ ሃሮልድ ካምፒንግ መጀመሪያ 1994 አለ። አለፈ። ቀጥሎ ሜይ 21 ቀን 2011 አለ። አለፈ። ከዚያም ኦክቶበር 21 ቀን 2011። እሱም አለፈ። ካምፒንግ በሙያው መሐንዲስ ነበር፤ ሒሳብ ያውቅ ነበር። 5፣ 10 እና 17 መንፈሳዊ ትርጉም አላቸው ብሎ አባዛቸው። 850 መጣ። 850ን በራሱ አባዛው። 722,500 መጣ። ከስቅለት እስከ ሜይ 21 ያለው የቀን ብዛት ልክ ይኸው ነው አለ። ብዜቱ ልክ ነው። ግን ለምን 5? ለምን 17? ለምን በራሱ ይባዛል? ቁጥር እንደ ሊጥ ነው፤ የፈለጉትን ቅርጽ ይይዛል። መልሱን አስቀድሞ የመረጠ ሰው የሚያደርስ መንገድ አያጣም። አንድ ጡረታ የወጣ የኒውዮርክ ትራንስፖርት ሠራተኛ ይህን አምኖ ከቁጠባው 140 ሺህ ዶላር ለማስታወቂያ አወጣ። ቀኑ ሲደርስ ኒውዮርክ ታይምስ አደባባይ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ጋዜጠኞች ከበውት ነበር። ሰዓቱ አለፈ፤ እሱም እንደቆመ ቀረ። ካምፒንግ በበኩሉ በቀጣዩ ዓመት ቀን መቁረጡ ኃጢአት እንደነበር አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ግን ገንዘብ አይመልስም።

ወደቀ የተባለ ትንቢት ለምን አይሞትም? እስካሁን ካየነው መልሱን መልቀም ይቻላል። ስሌቱ ትንሽ ተሳስቷል፤ ይስተካከላል። ወይም ተፈጽሟል፤ ግን በዓይን የማይታይ ነው። ወይም ጸሎታችን አስቀርቶታል። ሦስተኛው በተለይ የማይሸነፍ ነው። ጥፋቱ ቢመጣ ነቢዩ ልክ ነው፤ ባይመጣም ነቢዩ ልክ ነው። አራተኛው ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ "ያልመጣው እናንተ ስላላመናችሁ ነው" የሚለው።

የዚህን የአራተኛውን ዋጋ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የኮሳ ሕዝብ ከፍሎታል። እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። እንግሊዞች መሬታቸውን እየወሰዱባቸው ነው። ከአውሮፓ የመጣ የሳንባ በሽታ ከብቶቻቸውን እየፈጀ ነው። በዚያ መሀል ኖንግቃውሴ የምትባል አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ አያቶች ተገለጡልኝ አለች። ከብቶቻችሁን እረዱ፣ እህላችሁን ጣሉ፣ አትዝሩ። ያኔ ሙታን ይነሣሉ፤ ጤነኛ ከብት ከመሬት ይወጣል፤ ነጮቹ ወደ ባሕር ይጠረጋሉ። ብዙ ሰው አረደ። የተባለው ቀን ደረሰ፤ ምንም አልሆነም። ጥፋተኛ ተፈለገ። ከብታቸውን ያላረዱት ጥፋተኛ ተባሉ። እርዱ በረታ። ፌብሩዋሪ 1857 ላይ የመጨረሻው ቀን አለፈ። 400 ሺህ ገደማ ከብት ታርዷል። 40 ሺህ ገደማ ሰው በረኃብ አለቀ። የተረፈው ለእንግሊዞቹ ቅጥረኛ ሆነ፤ መሬቱም ተወሰደ።

እኛ የከብትን ዋጋ የምናውቅ ሕዝብ ነን። አንድ ገበሬ የሚያርስበትን በሬ በገዛ እጁ እንዲያርድ ምን ቢደርስበት ነው? ሞኝ ስለሆነ አይደለም። መሬቱም፣ ከብቱም፣ ክብሩም እየተወሰደበት ነው። "ይህ ሁሉ ያበቃል፤ ቀኑም ይኸው" የሚለው ልጅቷ ብቻ ናት። እንዲህ ባለ ጊዜ የዓለም መጨረሻ የፍትሕ ሌላ ስሙ ይሆናል። በእኛም አገር ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ደግ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ያን ስም መረጠ። ሰው ምን ይናፍቅ እንደነበር ያውቅ ነበር። ሰው የመከራውን መጨረሻ ሲናፍቅ የዓለምን መጨረሻ የሚሰብክ ያገኘዋል።

ተስፋ ብቻም አይደለም፤ ጓደኛም ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቺካጎ አካባቢ አንዲት ሴት ዲሴምበር 21 የጥፋት ውሃ ይመጣል፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ግን ያድኑናል ብላ ነበር። ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ ተመራማሪ መሆናቸውን ሳይናገሩ ከቡድኑ ጋር ተቀላቅለው ተከታተሉ። ውሃው ቀረ። አንዳንዶቹ አማኞች እንዲያውም በርትተው ማስተማር ጀመሩ ብለው ጻፉ። ይህ ጥናት ዛሬ ብዙ ትችት ቀርቦበታል፤ ሰርገው የገቡት ተመራማሪዎች ራሳቸው ቡድኑን አነሣሥተዋል የሚል። ትችቱ ተገቢ ይመስለኛል። አንድ ነገሩ ግን ከሕይወት ጋር ይገጥማል። ሥራውን የለቀቀ፣ ቤቱን የሸጠ፣ ከወንድሙ የተጣላ ሰው "ተሳስቻለሁ" ለማለት ይከብደዋል። አብረውት የጠበቁት ሰዎች ብቻ ናቸው የቀሩለት። እነሱን ትቶ ወዴት ይሂድ?

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። ኡጋንዳ ካኑንጉ ውስጥ አንድ የሃይማኖት ቡድን ዓለም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1999 ያበቃል ብሎ አስተማረ። ተከታዮቹ ንብረታቸውን ሸጠው አስረከቡ። ቀኑ አለፈ። ማርች 17 ቀን 2000 በራቸው በተዘጋ ቤት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቃጠሉ። በጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2023 ሻካሆላ በሚባል ጫካ ከ400 በላይ አስከሬን ከመሬት ወጣ። ከመካከላቸው ብዙ ሕፃናት ነበሩ። አብዛኞቹ ኢየሱስን ለማግኘት ጹሙ እየተባሉ በረኃብ የሞቱ ናቸው። ሞያሌን ከተሻገርን በኋላ ያለች አገር ናት። እኔ ራሴ የማውቃት አንዲት እናት "ጊዜው አልቋል፣ መድኃኒት ምን ያደርግልሻል?" ተብላ የስኳር መድኃኒቷን አቁማ ነበር። ሆስፒታል ደርሳ ተረፈች። እንዲያ ያላትን ሰው የጠየቀው የለም።

"ምን ችግር አለው፣ ሰው ንስሐ ቢገባ ጥሩ አይደል?" የሚሉኝ አሉ። ንስሐ ጥሩ ነው። ቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ፣ "ስለዚያች ቀንና ስለዚያች ሰዓት ግን ከአባት ብቻ በቀር የሰማይ መላእክትም ቢሆኑ ልጅም ቢሆን የሚያውቅ የለም" ይላል። ሙስሊም ጎረቤቶቼም የቂያማን ሰዓት አላህ ብቻ እንደሚያውቀው ቁርኣን መናገሩን ያስታውሱኛል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጌታ ቀን ደርሷል በሚል ወሬ እንዳይናወጡ ጻፈላቸው። በዚያው ደብዳቤ ሥራ ስለፈቱ ሰዎች አንሥቶ፣ መሥራት የማይወድ አይብላ አለ። ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ መገኘታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ቀን የሚቆርጥ ሰው ከሳይንስ ጋር ብቻ ሳይሆን እይዘዋለሁ ከሚለው መጽሐፍም ጋር ተጣልቷል።

አሁን ደግሞ ስልክ መጣ። ድሮ ባሕታዊው እየተዘዋወረ ይናገር ነበር፤ የሰማው ሰፈሩ ነው። ዛሬ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ በዩቲዩብ ቃለ ምልልስ መስከረም 13 እና 14 ቀን 2018 አማኞች ወደ ሰማይ ይነጠቃሉ አለ። ቲክቶክ ተቀበለው፤ ዓለም ዙሪያ ደረሰ። መኪናቸውን የሸጡ፣ ሥራቸውን የለቀቁ ሰዎች መኖራቸው ተዘገበ። ቪዲዮ የሚያሰራጨው ማሽን እውነት ይሁን ውሸት አይመዝንም። ሰው ቆሞ ማየቱን ነው የሚቆጥረው። ፍርሃት ደግሞ ያቆማል። "ምንም አይፈጠርም" የሚል ቪዲዮ ማን ያያል? ቀኑ ሲያልፍ የተናገረው ሰው ሌላ ቀን አለ። የድሮው ቪዲዮ ግን ብር አምጥቶ አልፏል።

ማስጠንቀቂያ ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና የምትታይበት ሰዓትና ደቂቃ ከዓመታት በፊት ተሰልቶ ነበር። በተባለው ደቂቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 መሆኑ ነው፣ ኮምፒውተሮች ዓመቱን በሁለት አኃዝ ስለሚይዙ ይዛባሉ ተብሎ ነበር። ብዙም አልሆነም። ብዙ ሰው "ያም ውሸት ነበር" ይላል። ውሸት አልነበረም። በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወጥቶ፣ ባለሙያዎች ለዓመታት ሠርተው ነው ያስተካከሉት። ጥሩ ማስጠንቀቂያና የምጽአት ቀን ትንቢት የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። አንዱ የሚሠራ ሥራ ይሰጥሃል። ሌላው ሥራህን ያስተውሃል።

የእኛ ጉዳይም ይኸው ነው። አዳማ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከሥራችን ያለው መሬት በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር እየተለያየ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል። በ1961 አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈረሰች። በ2017ቱ መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተዋል። ይህ ስጋት እውነተኛ ነው። ቀን ግን የለውም። ቀን ስለሌለውም ማንም አያወራለትም። በከተማችን በየቦታው ፎቅ ይነሣል። አገሪቱ መንቀጥቀጥን ያገናዘበ የሕንፃ ደረጃ አላት። ብረቱ በደረጃው ገብቷል ወይ? ሲሚንቶው ልክ ነው ወይ? አልጋችን ላይ ሊወድቅ የሚችለው ቁም ሣጥን ከግድግዳው ጋር ታስሯል ወይ? ልጆች መሬት ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ሥር መግባት ተምረዋል ወይ? የምጽአት ቀን ቪዲዮ ስንቀባበል ካደርንበት ጊዜ ግማሹን እንኳ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ብናጠፋ ምናለ እላለሁ። "የፈሩት ይደርሳል" ይባላል። የፈራነው ግን ስንት መቶ ዓመት ቀርቷል። ሊደርስ የሚችለውን ደግሞ ገና አልፈራነውም።

መስከረም 14 ማታ የእህቴ ልጅ አልተኛችም። ቪዲዮውን ትምህርት ቤት ነው ያሳዩዋት። እናቷ እኔ ጋ አመጣቻት። አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ዐፄ ናዖድ ነገርኳት፤ ስለ ዞሲማም። ስለ ኖንግቃውሴ አልነገርኳትም፤ ሲደርስ ትሰማዋለች። እናቴም ከጎን ሆና ታዳምጥ ነበር። 7518 ሲቀነስ 7000 ስንት እንደሚሆን ልጅቷ ወረቀት ላይ አሰላችው። "518" አለች። "እና እማማ፣ ከገባ ቆየ እኮ" አለቻት ለአያቷ። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

ሲነጋ ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቆመች። የነገውን ደመራ እያሰበች ነበር፤ ችቦ አልተገዛም። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ "አጎቴ፣ አሁን ሌላ ቀን ይሰጣሉ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ይሰጣሉ።"

"ያኔስ?"

"ያኔ መጥተሽ ንገሪኝ። አብረን እናሰላዋለን።"

ከሰዓት በኋላ ግንበኛው መጣ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የተሰነጠቀውን የእናቴን ክፍል ጥግ ሊሠራ ነው። ሁለት ጊዜ ቀጥሬው የቀረ ሰው ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን አስቀምጣ በባልዲ ውሃ አቀበለችው።